ሲትጀስ ወይስ ታራጎና? ከባርሴሎና ለአንድ ቀን ወጣ ለምትሉ

ከጀርመንም ከስዊድንም የሚመጣ ዘመድ ወዳጅ ሁሉ ባርሴሎና ሲደርስ የሚጠይቀኝ ያው ነው፤ «ባሕር ዳር ያለች ጥንታዊ ከተማ ለአንድ ቀን እንይ፤ ሲትጀስ ይሻላል ታራጎና?» መልሴ ታራጎና ነው። ሲትጀስ የምትሻለው ሰውም አለ፣ እሱን ኋላ እነግራችኋለሁ።

ከገንዘቡ እንነሳ። ሲትጀስ በዳርቻ ባቡር 40 ደቂቃ ያህል ነው፤ ደርሶ መልስ 10 ዩሮ ገደማ። ታራጎና በተራው የክልል ባቡር ከአንድ ሰዓት አለፍ ይላል፤ ደርሶ መልሱ ወደ 20 ዩሮ ይጠጋል። እስከዚህ ድረስ ሲትጀስ ረከሰች። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ግን ሒሳቡ ይገለበጣል። የሲትጀስ ባሕር ዳር ጠረጴዛዎች የሚያስከፍሉት የምግቡን ብቻ ሳይሆን የነፋሱንም ነው። ታራጎና ውስጥ በሥራ ቀን «የቀኑ ምግብ» ካላችሁ፣ መጀመሪያ፣ ዋና ምግብ፣ ዳቦ፣ መጠጥና ማጣጣሚያ ተጠቃሎ በ15 ዩሮ አካባቢ ይገኛል። ለአራት ሰው አስቡት፤ የባቡሩ ልዩነት እዚያው ተመለሰ።

አሁን ወጥመዱን ልንገራችሁ። ስልካችሁ ላይ «ታራጎና በግማሽ ሰዓት» የሚል ፈጣን ባቡር ይመጣላችኋል። አትግዙ። የሚያወርዳችሁ ካምፕ ደ ታራጎና በሚባል ጣቢያ ነው፣ ከከተማው 10 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ሜዳ ላይ። የአክስቴ ልጅ እዚያ ወርዳ «ደርሰናል፤ ባሕሩ የታለ?» ብላ ደወለችልኝ። ውድ ትኬት ገዝታ፣ ላዩ ላይ ታክሲ ጨምራ፣ በርካሹ ባቡር ከሄደው ወንድሟ በኋላ ገባች። ትክክለኛው ጣቢያ «ታራጎና» ብቻ ተብሎ የተጻፈው ነው፤ ከባሕሩ አጠገብ ያወርዳችኋል፣ ከዚያ ዳገቷን በእግር ትወጣላችሁ።

«ሁለቱንም በአንድ ቀን» የሚለው የአስጎብኚ ጥቅልስ? ጓደኛዬ 89 ዩሮ ከፍላ ሄዳለች። የሮማውያኑን አምፊቲያትር (የጥንቱን የትርዒት ሜዳ) ከአጥር ውጭ ሆና ፎቶ አነሳች፣ «ባህላዊ ፓኤያ» ተብሎ በማይክሮዌቭ የሞቀ ቢጫ ሩዝ በላች፣ ሲትጀስ ላይ አይስክሬም ገዛች። አለቀ። በነገራችን ላይ፣ ደጁ ላይ የፓኤያ ፎቶ የደረደረ ቤት ካያችሁ እለፉ። እውነተኛው ሲታዘዝ ነው የሚሠራው፤ ቢያንስ ሃያ ደቂቃ ያስጠብቃል፣ ብዙ ቤቶችም ለአንድ ሰው አይሠሩትም። ታራጎና ውስጥ ዓሣ አጥማጆቹ ሰፈር ሰራዮ ውረዱ፤ ወደቡ እዚያው ነው።

መንገድ ላይ አረንጓዴ ዝገት የተቀባ «የሮማ ሳንቲም» የሚሸጥላችሁ ሰው አይጠፋም። ስፔን ውስጥ ከመሬት የተገኘ ጥንታዊ ቅርስ የመንግሥት ንብረት ነው። ስለዚህ ሳንቲሙ ወይ የውሸት ነው ወይ ወንጀል ነው፤ በሁለቱም መንገድ ገንዘባችሁን በኪሳችሁ ያዙ።

ታሪክ ከሆነ የምትፈልጉት ውድድርም የለም። ታራጎና፣ በጥንቱ ስሟ ታራኮ፣ ከሮማ መንግሥት ክፍለ ግዛቶች የአንዱ ዋና ከተማ ነበረች፤ እ.ኤ.አ. በ2000 በዩኔስኮ ተመዝግባለች። አምፊቲያትሩ በሁለተኛው መቶ ዘመን ነው የተሠራው፣ ከጀርባው ባሕር። እ.ኤ.አ. በ259 የከተማዋ ጳጳስ ፍሩክቱዎሶስ ከሁለት ዲያቆናቱ ጋር በእሳት የተቃጠሉት እዚያ ነው፤ መሐሉ ላይ በኋላ የተሠራው ቤተ ክርስቲያን ፍራሽ ዛሬም ይታያል። ሰማዕትነቱ አብያተ ክርስቲያናት ከተከፈሉበት ከኬልቄዶን ጉባኤ በፊት ስለሆነ የእኛም ነው እላለሁ። መግቢያውን መክፈል ካልፈለጋችሁ ከላይ ሆናችሁ በነጻ ታዩታላችሁ። እዚያው አጠገብ «የሜዲትራኒያን ሰገነት» የሚሉት አለ፤ የከተማው ሰው እስከዚያ ተንሸራሽሮ የብረት አጥሩን ለዕድል በእጁ ነካ አድርጎ ይመለሳል። ከከተማው ወጣ ሲሉ ደግሞ የሮማውያን የውኃ ድልድይ አለ፤ 217 ሜትር ርዝመት፣ 27 ሜትር ከፍታ። ዋጋው ዜሮ።

ጉድለቷን አልደብቅም። የባቡር ሐዲዱ ከተማዋንና ባሕሩን ይለያቸዋል፤ ወደ ደቡብ ስታዩ ደግሞ የፔትሮኬሚካል ጭስ ማውጫ ነው። ሲትጀስ በዚህ ትበልጣለች፦ ንጹሕ አሸዋ፣ ቋጥኝ ላይ የቆመች ቤተ ክርስቲያን፣ ኩባ ሄደው የበለጸጉ ሰዎች የሠሯቸው ቤቶች። ሕፃናት ይዛችሁ፣ መዋኘት ብቻ ከሆነ ሐሳባችሁ፣ ሲትጀስ ሂዱ። በካርኒቫልና በጥቅምቱ የፊልም ፌስቲቫል ሰሞን ግን ለማደር አታስቡ፤ የአልጋው ዋጋ አይቀመስም።

ለጾመኛ አንድ ነገር ልጨምር። ከጥር እስከ መጋቢት በታራጎና አካባቢ ካልሶት ይበላል፤ ረጅም ሽንኩርት እሳት ላይ እስኪጠቁር ተጠብሶ፣ ቅርፊቱ በእጅ ተገፎ፣ ከአልሞንድ ለውዝ፣ ከደረቅ በርበሬና ከዘይት በሚሠራ ስልስ ይነከራል። ቅቤም ወተትም የለበትም፣ ወቅቱም ከዐቢይ ጾም ጋር ይገጥማል። ከሥጋ ጋር አዳብለው ስለሚያቀርቡት ግን ሽንኩርቱን ብቻ ብላችሁ እዘዙ፤ ዋጋውም ይወርዳል።

ሰኞ አትሂዱ፣ የሮማ ቅርሶቹ ይዘጋሉ። ባቡሩ ላይ በግራ በኩል ተቀመጡ፣ ባሕሩ በዚያ ነው።