«ሙሉ የራሊ ሰስፔንሽን» ተብሎ የሚሸጠውን ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ባሕር ዳር ያላችሁ የመኪና ወዳጆች፣ በተለይ አሮጌ ሱባሩ ይዛችሁ ኮረኮንች ላይ መንዳት የምትወዱ፣ እባካችሁ ይህን አንብቡ። ለምታውቁትም አስተላልፉ።

ባለፈው ሳምንት ቴሌግራም ላይ አንድ ማስታወቂያ አየሁ። «ሙሉ የራሊ ሰስፔንሽን፣ ለኢምፕሬዛ፣ ከዱባይ የመጣ፣ ትንሽ ያገለገለ» ይላል። ራሊ በሰዓት የሚለካ የመኪና ውድድር ነው፤ ሰስፔንሽን ደግሞ መኪናውን ጎማው ላይ የሚሸከመው የሞላና የአሞርዛተር ስብስብ ነው። ፎቶውን አጉልቼ ሳየው ደነገጥኩ። ዕቃውን አውቀዋለሁ። 96,000 ብር ከፍዬበት ነበር። ያኔ ሰማያዊ ነበር፤ አሁን ቢጫ ተቀብቷል።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

መኪናዬ የ1998 እ.ኤ.አ. ሱባሩ ኢምፕሬዛ ናት። ማኑዋል ካምቢዮ፣ አራቱም ጎማ ሁልጊዜ የሚጎትት። ከከተማ ወጣ ብሎ ሥራ ያቆመ የድንጋይ ካባ አለ። ባለቤቱን አስፈቅደን፣ ከሦስት ጓደኞቼ ጋር እሁድ ጠዋት እዚያ እንነዳለን። አንድ መኪና ብቻ ይገባል፣ ሌሎቻችን ሰዓት እንይዛለን። ያለ ሄልሜት ማንም አይገባም። በሕዝብ መንገድ ላይ አንሞክረውም። ሰውና ከብት የሚያልፍበት ቦታ ላይ እንዲህ መንዳት ነፍስ ማጥፋት ነው።

የባሕር ዳርን መሬት ታውቁታላችሁ። ላዩ ቀይ አፈር፣ ሥሩ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ። ጥንት ፈስሶ ጣናን የገደበውና ሐይቅ ያደረገው ይኸው ድንጋይ ነው። ክረምት አፈሩን ጠርጎ ሲወስደው ድንጋዩ ጥርሱን ያወጣል። እዚያ ላይ ያረጀ አሞርዛተር ይዞ መንዳት አይቻልም። የእኔዎቹ ደግሞ አርጅተው ነበር። አንዱ ዘይት ያነባል፣ ሌላው መኪናዋን ስትጫኗት ሦስት ጊዜ ያስነሳታል። ስለዚህ ገዢ ሆኜ ወጣሁ።

ሻጩ አፈ ቅቤ ነው። «ታዋቂው የራሊ ነጂ ኮሊን ማክሬ በ1997 እ.ኤ.አ. ኬንያ ላይ ሳፋሪ ራሊን ያሸነፈው በምን ይመስልሃል? በኢምፕሬዛ ነው። ይሄ የዚያ አይነት ዕቃ ነው» አለኝ። ማክሬ በዚያ ዓመት በኢምፕሬዛ ማሸነፉ እውነት ነው። ያ ስም ሲነሳ ልቤ ቀለጠ፣ የቀረውን ሳልመረምር አመንኩ። የሳፋሪ መኪኖች ግን ከመሬት ከፍ ብለው፣ ለድንጋይና ለጉድጓድ ተብለው የሚሠሩ ናቸው። ለእኔ የተሸጠልኝ ዕቃ፣ መኪና አስፋልት ላይ ዝቅ ብላ እንድታምር የሚገጠመው አይነት ነበር። ከውጭ ስታዩት ያምራል። አካሉ ላይ ክር አለው፣ ቀለበቱን አዙራችሁ ከፍታውን ታስተካክላላችሁ። «ራሊ ከፈለግህ ቀለበቱን ወደ ላይ ማዞር ነው» አለኝ። ትልቁ ማታለያ ያለው እዚህ አባባል ውስጥ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ሞላው የመኪናውን ክብደት ይሸከማል። አሞርዛተሩ ደግሞ ሞላው እንዳይዘል ይይዘዋል፤ የዝላዩን ጉልበት ወደ ሙቀት ይቀይረዋል። ኮረኮንች ላይ ግን ከሁለቱም ጥንካሬ በፊት የሚጠየቀው ርቀት ነው። ጎማው ምን ያህል ወደ ላይ ይወጣል? ምን ያህል ወደ ታች ይወርዳል? ድንጋይ ሲመጣ ጎማው ወጥቶ ማለፍ አለበት። ጉድጓድ ሲመጣ ወርዶ መሬቱን መያዝ አለበት። መሬት ያልያዘ ጎማ አይታጠፍም፣ ፍሬንም አይዝም። በዓለም ራሊ ሻምፒዮና ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው የራሊ ዋን (የከፍተኛው ምድብ መኪኖች) ደንብ ለዚህ ርቀት 270 ሚሊ ሜትር ጣሪያ አበጅቶለታል። ገደብ መበጀቱ ራሱ፣ ቢተው ሁሉም እንደሚያረዝመው ያሳያል።

የገዛሁትን አውጥቼ የአሞርዛተሩን ዘንግ፣ ገባ ወጣ የሚለውን ብረት፣ ስለካው ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሄደው 11 ሳንቲ ሜትር ብቻ ሆነ። አሮጌው የፋብሪካው ወደ 16 ነበር። ቀለበቱን ወደ ላይ ስታዞሩት መኪናዋ ከፍ ትላለች፣ ዘንጉ ግን አይረዝምም። ሞላው አስቀድሞ ይጨመቃል፣ ዘንጉም ወደ መጨረሻው ይወጣል። መኪናዋ ቆማ ሳለ ጎማው ወደ ታች የሚወርድበት የቀረው ርቀት ሦስት ሳንቲ ሜትር አይሞላም ነበር። ትንሿን ጉድጓድ ስታገኝ ጎማው አየር ላይ ይንጠለጠላል፣ ከዚያ ሲመለስ ይመታል። እኔ መሪው ላይ ሆኜ «ራሊ እንዲህ ጠንካራ ነው» እያልኩ ነበር። ጠንካራነት ጥራት አይደለም። ኮረኮንች ላይ ጥሩ ሰስፔንሽን ከምታስቡት በላይ ለስላሳ ነው።

ሁለተኛው ነገር ሞላው ነው። ካሊፐር (የውፍረት መለኪያ) ይዤ የሞላውን ሽቦ ስለካው የፊት ግራው 12 ሚሊ፣ የፊት ቀኙ 13 ሚሊ ወጣ። አንድ ሚሊ ምን ታመጣለች የሚል ይኖራል። የሞላ ጥንካሬ ከሽቦው ውፍረት ጋር በአራተኛ ኃይል ነው የሚያድገው። 12 እና 13ን አስሉት፤ ሌላው ሁሉ እኩል ቢሆን አንዱ ከሌላው በ38 በመቶ ገደማ ይጠነክራል። ማለትም ከሁለት ስብስብ የተለቀሙ ናቸው። ፍሬን ስይዝ መኪናዋ ወደ አንድ ጎን የምትጎትተው ለዚህ ነበር፤ እኔ ግን ፍሬኑን ሁለት ጊዜ አስፈትቻለሁ። የኋላዎቹ ሞላዎች ደግሞ ጫፋቸው በግራይንደር ተቆርጧል። ሞላ ሲቆረጥ ያጥራል፣ ይጠነክራል፣ መቀመጫው ላይም በወጉ አይቀመጥም። መኪናዋን በክሪክ ሳነሳት ሞላው ላልቶ በእጄ ይሽከረከር ነበር።

ሦስተኛው ደግሞ በጣም ያናደደኝ ነው። ሁለቱ የኋላ አሞርዛተሮች ተበስተው ዘይት ተሞልቶባቸው ተበይደዋል። ብየዳው በሞረድ ተስተካክሎ ቀለም ተቀብቶበታል። ስናስፈታው የወጣው ወፍራም የሞተር ዘይት ነው። የአሞርዛተር ዘይት ቀጭን ነው፣ በትንንሽ ቀዳዳዎች ውስጥ በልክ እንዲያልፍ የተመረጠ። የሞተር ዘይት ጠዋት ሲቀዘቅዝ እንደ ማር ይወፍራል፣ አሞርዛተሩም ድርቅ ይላል። ሁለት ሦስት ዙር ከተነዳ በኋላ ሲሞቅ ይቀጥናል፣ አረፋ ይሆናል፣ መያዙንም ይተዋል። የመጀመሪያውን ዙር ሁልጊዜ ደህና የምነዳው፣ አራተኛው ላይ መኪናዋ የምትዋኝብኝ ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

መግጠሙ በነጻ ነው ተብሎ ሻጩ ራሱ ወደሚያውቀው ጋራዥ ወሰደኝ። ይህንንም ልብ በሉ። መካኒኩ መኪናዋን አንጠልጥሎ፣ ጎማዎቹ ተንጠልጥለው ሳለ፣ የብራቾዎቹን (ጎማውን ከመኪናዋ አካል ጋር የሚያያይዙትን ክንዶች) ቡሎን በሙሉ ጥርቅም አድርጎ አሰራቸው። ብራቾው ጫፍ ላይ ያለው ጎሚኒ ከብረቱ ጋር የተጣበቀ ጎማ ነው። ተንጠልጥሎ ከታሰረ መኪናዋ መሬት ስትነካ ጎሚኒው ይጠመዘዛል፣ እንደተጠመዘዘም ይኖራል። ትክክለኛው አሠራር ቡሎኑን ላላ አድርጎ ማስገባት፣ መኪናዋን በጎማዋ ማቆም፣ ከዚያ ማጥበቅ ነው። የእኔ ጎሚኒዎች በአምስት ሳምንት ተቀደዱ። አላይመንትም፣ ማለትም የጎማዎቹን አቅጣጫና ዘመም ማለት ማስተካከል፣ አልተሠራም። የኢምፕሬዛ የፊት አሞርዛተር ከታች በሁለት ቡሎን ይታሰራል፤ የላይኛው ቡሎን የጎማውን ዘመም ማለት የሚያስተካክል ነው። እሱን ፈትቶ መልሶ አስሮ ያለ አላይመንት መሸኘት ጎማ ማስበላት ነው።

«ቦነስ» ተብሎ 17 ቁጥር ቸርኬ ከስስ ጎማ ጋር ተጨምሮልኝ ነበር። ለኮረኮንች አይሆንም። የዓለም ሻምፒዮናው መኪኖች አስፋልት ላይ 18፣ ኮረኮንች ላይ 15 ቁጥር ቸርኬ የሚያስሩት ያለ ምክንያት አይደለም። የጎማው ጎን ከፍ ማለቱ ራሱ አንድ ሞላ ነው። ደግሞም የፊቶቹና የኋላዎቹ ጎማዎች ቁመታቸው እኩል አልነበረም። አራቱም ጎማ በሚጎትት መኪና ላይ ይህ ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለውን የመሐሉን ዲፈረንሻል ያቃጥላል። ሱባሩ የአራቱ ጎማ ዙሪያ ልዩነት ከ6 ሚሊ ሜትር ገደማ እንዳይበልጥ ነው የሚለው። ደግነቱ ቶሎ አወጣኋቸው።

በስድስተኛው እሁድ የፊት ግራው ጓ አለ። አሞርዛተሩን መጨረሻ ላይ የሚያስቆመው ላስቲክ፣ ማስቆሚያ ጎማው፣ አልነበረም፤ አንድ ሰው ቆርጦ አውጥቶታል። ብረት ከብረት ተማታ። ኮፈኑን ስከፍት አሞርዛተሩ ከላይ በሦስት ዳዶ የሚታሰርበት ላሜራ ወደ ላይ አብጦ አገኘሁት። የሰሚያሱ (ጉልበቱን ወደ ጎማው የሚያደርሰው ዘንግ) የግራሶ መሸፈኛም ተቀዶ ግራሶው ቸርኬው ላይ ተረጭቷል። ባትላሜራው፣ ሰሚያሱና ጎሚኒዎቹ ተደምረው የጠየቁኝ ገንዘብ ዕቃውን ከገዛሁበት ብዙም አይርቅም። እኔ ግን የማስበው ሌላ ነገር ነው። ያ ብረት ካባው ውስጥ ባይሆን፣ ቤተሰብ ጭኜ ወደ ዘጌ ስሄድ ቢሰበርስ?

ወደ ሻጩ ሄድኩ። «ራሊ ነዳህበት፣ ሰበርከው» አለኝ። ለራሊ ብሎ የሸጠልኝ እሱ ነው! ደረሰኝ የለኝም። በሞባይል ነው የከፈልኩት፣ ያውም እሱ ወደ ነገረኝ ሌላ ሰው አካውንት። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይናገራል። እኔ ግን 15 ቀኑን አሳልፌያለሁ፣ ነጋዴ እንደሸጠልኝ የሚያሳይ ወረቀትም በእጄ የለም። ሁለት ሳምንት ተመላልሼ በመጨረሻ 20,000 ብር ሰጥቶኝ ዕቃውን መልሶ ወሰደ። «ለብረት ነው» ብሎኝ ነበር። ለብረት እንዳልሆነ ይኸው ቢጫ ተቀብቶ ወጣ።

ስለዚህ ልትገዙ ከሆነ ለማየት ስትሄዱ ሜትርና ካሊፐር ያዙ። አሞርዛተሩን ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙና ዘንጉን በሙሉ ክብደታችሁ ቀስ ብላችሁ ጫኑት። ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት መቋቋም ሊኖረው ይገባል። መሐል ላይ ድንገት ባዶ የሚሆን ቦታ ካለ ወይም ውስጡ ሲንቦጫቦጭ ከሰማችሁ ዘይቱ ጎድሏል። ጋዝ ያለው ከሆነ ስትለቁት ራሱ ይወጣል። ዘንጉን በጥፍራችሁ ዳስሱት፤ የዛገች ትንሽ ጉድጓድ እንኳ ካለችው ዘይቱ እንዳይወጣ የሚይዘውን ማኅተም ትበላዋለች። አካሉን ዙሪያውን በእጃችሁ አሹት፤ ብየዳ ቢሞረድም እብጠቱ ለእጅ ይታወቃል። አዲስ ቀለም የተቀባ ያገለገለ ዕቃ ስታዩ የሚደበቅ ነገር አለ በሉ። ሻጩ ለመለካት ጊዜ ካልሰጣችሁ፣ «ሌላ ሰው እየመጣ ነው» ካላችሁ፣ ይምጣለት። ደረሰኝ የማይሰጥ ከሆነም ተዉት።

አሁን መኪናዬ ላይ ያለው የሌላዋ ሱባሩ፣ የፎሬስተር፣ አሞርዛተርና ሞላ ነው። የመጀመሪያው ትውልድ ፎሬስተር ከእኔዋ ኢምፕሬዛ ጋር ቅርብ ዘመድ ስለሆነ ቡሎኖቹ ቦታቸው ላይ ገጠሙ፤ የተበየደ የለም፣ የተቆረጠም የለም። መኪናዋ ወደ አራት ሳንቲ ሜትር ከፍ አለች። ጎማውም በደንብ ይወርዳል። ወጪው ከዚያ ጉድ ያነሰ ነው። ማስቆሚያ ጎማዎቹን አዲስ አስገባሁ፣ ብራቾዎቹ መሬት ላይ ቆማ ታሰሩ፣ አላይመንት ተሠራ፣ ቸርኬው ወደ 15 ተመለሰ። ክር የለውም፣ አያብረቀርቅም። ካባው ውስጥ ግን አራተኛው ዙር እንደ መጀመሪያው ነው።

የሻጩን ስም እዚህ አልጽፍም። ዕቃውን ግን እንድትለዩት ምልክቱን ልንገራችሁ። የፊት ግራው ላይ፣ ሁለቱ የታች ቡሎኖች ከሚገቡበት ጆሮ ጀርባ፣ በሞረድ የተሠሩ ሦስት አጫጭር ጭረቶች አሉ። ግራና ቀኙ እንዳይምታታብኝ የሠራኋቸው እኔ ነኝ። ቢጫውን እዚያ ጋ በቁልፍ ጫፍ ፋቅ አድርጉት፤ ከሥሩ ሰማያዊ ይወጣል። ያንን ካያችሁ ቀብድ እንኳ አትስጡ። ለማየት የምትሄዱ ከሆነና አብሯችሁ የሚሄድ ሰው ካጣችሁ ጻፉልኝ፤ ካሊፐሬን ይዤ እመጣለሁ።