አራቱን የቋንቋ ክሂሎች አቀናጅቶ የሚያስተምር የእንግሊዝኛ መጽሐፍ፦ ከአንድ ዓመት የክፍል ሥራ በኋላ

ማዳመጥን፣ መናገርን፣ ማንበብንና መጻፍን ሳይነጣጥል በአንድ ርእሰ ጉዳይ ዙሪያ አስተሳስሮ የሚያቀርብ የእንግሊዝኛ መማሪያ መጽሐፍ፣ ከመምህሩ መምሪያና ከድምፅ ቅጂዎቹ ጋር ይዤ አንድ ሙሉ የትምህርት ዓመት አስተምሬበታለሁ። የምገመግመው በይዘቱ ብቻ ሳይሆን ተማሪዎቼና ባልደረቦቼ በተቀበሉት መጠን ጭምር ነው፤ እንዲህ ያለ መጽሐፍ የሚጠቀሙበት ሰዎች ካላመኑበት ተመልሶ የሰዋስው መጽሐፍ ይሆናልና።

ከምዕራፎቹ ሁሉ የላቀው ስለ ውሃ የሚያወሳው ነው። ተማሪዎች አጭር ምንባብ ካነበቡ በኋላ የአንድ መሐንዲስ ንግግር ያዳምጣሉ፤ ንግግሩም በአንድ ዋና ነጥብ ከምንባቡ ጋር ይጋጫል። ቀጥሎም ጥንድ ጥንድ ሆነው የትኛው እንደሚያሳምን ይወያዩና አቋማቸውን በደብዳቤ ይጽፋሉ። ያላዳመጠ ደብዳቤውን ሊጽፍ አይችልም፤ ያልተወያየም ምክንያቱ ይሳሳበታል። ክሂሎቹ በእርግጥ ተቀናጅተዋል የምለው እንዲህ አንዱ ያለ ሌላው መቆም ሲያቅተው ነው። ሌሎች ጥቂት ምዕራፎች ግን አራቱን ጎን ለጎን ከመደርደር አላለፉም።

የተማሪዎቼ አመለካከት በአንድ ጊዜ አልተለወጠም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት «ሰዋስው የምንጀምረው መቼ ነው?» የሚል ጥያቄ ደጋግሞ ቀርቦልኛል። ደብተሩ በሕግና በምሳሌ ካልሞላ የተማረ የማይመስለው ተማሪ ብዙ ነው፤ እስከዚያ ድረስ የእንግሊዝኛ ትምህርት ተብሎ የቀረበለት ያ ስለነበረ አልፈርድበትም። በውሃው ምዕራፍ ላይ ግን ከዚያ በፊት እጃቸውን አውጥተው የማያውቁ ልጆች መሐንዲሱን በእንግሊዝኛ ሲሞግቱ ሰምቻለሁ፣ ደስታዬም ወሰን አልነበረውም።

ባልደረቦቼ ዘዴውን በስብሰባ ላይ ይደግፋሉ፤ ክፍል ሲገቡ ግን አብዛኞቹ የማዳመጥ ልምምዱን ዘለው ወደ «ባዶ ቦታ ሙላ» ይመለሳሉ። ይህን ስንፍና ማለት ግፍ ነው፤ መምሪያው አምስት ተግባራትን በአንድ የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ እንዲጨርሱ ይጠይቃቸዋል፣ ብዙ ተማሪ ያለበትን ክፍል በቡድን ስለማሠራት የሚሰጠው ምክር ግን ግማሽ ገጽ እንኳ አይሞላም።

የመጽሐፉ ትልቁ ጉድለት ምዘናው ነው። በየምዕራፉ መጨረሻ ያለው ፈተና የሰዋስውና የቃላት ምርጫ ብቻ ሲሆን፣ ተማሪም ሆነ መምህር ትኩረቱን የሚሰጠው ለሚፈተንበት ነገር ነው። ክሂሎች ተቀናጅተው ሊመዘኑ አይችሉም እንዳይባል፣ በኢንተርኔት የሚሰጠው ቶፍል የተባለው የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2026 መጀመሪያ ድረስ ተፈታኙ አንብቦና አዳምጦ በሁለቱ ላይ ተመሥርቶ እንዲጽፍ የሚጠይቅ ክፍል ነበረው።

መጽሐፉን ለመምህራን እመክራለሁ፤ የምዕራፍ ፈተናዎቹን ግን ትቼ፣ ተማሪዎች አንብበውና አዳምጠው የሚጽፉባቸውን ፈተናዎች ራሴ አዘጋጅቼ በሁለተኛው ሴሚስተር ሰጥቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ስለ ሰዋስው የሚቀርብልኝ ጥያቄ «ደብዳቤው ላይ ይህን ሐሳብ በኃላፊ ጊዜ እንዴት ልጻፈው?» የሚል ሆኗል።