የቢሽኬክ ኑሮና ኦሽ ገበያ፦ የሁለት ወር አስቤዛ ሒሳብ

«የሲልቨር ስፕሪንግ የአንድ ወር ኪራይህ ኪርጊዝስታን ውስጥ አራት ወር ያኖርሃል» ያለኝ የሥራ ባልደረባዬ ነው፤ የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እኔ ጭነት መኪናዎችን በስልክና በኮምፒውተር ነው የማሰማራው፤ ሥራዬ ኢንተርኔት እንጂ ቦታ አይመርጥም። በአሜሪካ ፓስፖርት ያኔ ያለ ቪዛ 60 ቀን መቆየት ይቻል ስለነበር፣ በ2017 ዓ.ም. የካቲት አጋማሽ ላይ፣ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ቤቴን ለአክስቴ ልጅ ትቼ በኢስታንቡል በኩል የኪርጊዝስታን ዋና ከተማ ቢሽኬክ ገባሁ። ሻንጣዬ ውስጥ አንድ ኪሎ በርበሬ፣ አንድ ኪሎ ሽሮና ግማሽ ኪሎ ጥሬ ቡና ነበር።

ስለ ቤት ኪራዩ ብዙ ማለት አልፈልግም፤ ተበሳጭቼበታለሁ። ከ2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከሩሲያ ብዙ ሰው ስለገባ የኪራይ ዋጋው ወደ ላይ ተተኩሷል። ደላላው መጀመሪያ 600 ዶላር ጠራብኝ፤ ተከራክሬ በ450 ባለ አንድ ክፍል ቤት አገኘሁ። ቤቱ በሶቪየት ዘመን የተሠራ ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለውም፣ ግድግዳው ግን እንደ ምሽግ ወፍራም ነው። ደላላው ለድካሙ የግማሽ ወር ኪራይ ወሰደ። 450 ዶላር ለብዙው የከተማው ሰው የወር ደመወዙ ገደማ መሆኑን በኋላ ስሰማ «ርካሽ» የምትለውን ቃል ድምፄን ዝቅ አድርጌ መናገር ጀመርኩ።

ርካሽነቱን ያገኘሁት ከከተማው መሀል በስተ ምዕራብ ባለው በኦሽ ገበያ ነው። ይህን ግምገማ የምጽፈውም ስለ እሱ ነው።

መርካቶን የሚያውቅ ሰው ኦሽ ገበያ ውስጥ አይጠፋም። ሁሉም ነገር በየተራው ነው፦ የዳቦ ተራ፣ የሩዝ ተራ፣ የቅመም ተራ፣ የደረቅ ፍራፍሬ ተራ፣ ነጭ የሱፍ ባርኔጣ የሚሸጥበት ተራ። ቦርሳዬን ወደ ፊት አዙሬ ደረቴ ላይ ያዝኩ፤ ማንም ሳይነግረኝ፣ ከልጅነቴ በለመድኩት ደንብ። መተላለፊያው ጠባብ ነው። ባለ ጋሪው «ፖሽ! ፖሽ!» እያለ ሲመጣ ካልሸሹለት ተረከዝ አይተርፍም። በየካቲት መጨረሻ በረዶው መቅለጥ ሲጀምር ደግሞ መሬቱ ሊጥ ይሆናል፤ ቡት ጫማ ያስፈልጋል።

ሰላምታቸው ቶሎ ልቤን ወሰደው። ሻጮቹ «ባይኬ» ብለው ነው የሚጠሩኝ፤ ታላቅ ወንድም ማለት ነው፣ እኛ ጋሼ እንደምንለው። ሴቲቱን «ኤጄ» ማለት ደግሞ እንደ እኛ እትዬ ነው። «ካንቻ?» ማለት ስንት ነው? «አርዛን» ርካሽ፣ «ኪምባት» ውድ። በእነዚህ ቃላትና በጣት ቆጠራ ሁለት ወር ኖርኩ። ምግብ ላይ ክርክሩ ብዙ አይደለም፤ ከሃያ ሶም (የአገሩ ገንዘብ) በላይ ማስቀነስ አልቻልኩም። ምርቃት ግን ሳይጠየቁ ይሰጣሉ፤ ሽንኩርት ከተመዘነ በኋላ አንድ ፍሬ ይጨመራል።

እኔ በነበርኩበት ጊዜ አንድ ዶላር 87 ሶም ገደማ ይመነዘር ነበር። ሽንኩርት ኪሎውን በ35 ሶም ገዝቻለሁ፤ በዚህ ዋጋ ለወጥ ሽንኩርት አይሳሳም። በሰሜን ምዕራብ ያለው የታላስ ክፍለ ሀገር ለውጭ ገበያ ጭምር ባቄላ የሚያመርት ስለሆነ ነጩ፣ ቀዩ፣ ዝንጉርጉሩ በየጆንያው ተከፍቶ ተደርድሯል፤ ኪሎው 120 ሶም። ዝንጉርጉሩን ሌሊቱን ዘፍዝፌ፣ ይዤው በሄድኩት በርበሬ ወጥ ሠራሁት። የእነሱ ቀይ በርበሬ መልኩን እንጂ ቁጣውን አልያዘም፤ ሦስት ማንኪያ ጨምሬ ምላሴ ምንም አልተሰማውም።

እንጀራን የተካልኝ ዳቦው ነው። ክብ ነው፣ በጭቃ ምድጃ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይጋገራል፤ መሀሉ ጎድጎድ ብሎ በመርፌ ማኅተም ተነቅሷል፣ ዳሩ እንደ ትራስ ያበጠ ነው። አንዷ ሻጭ ዳቦዋን በሕፃን ልጅ ጋሪ ትገፋዋለች። ብርድ ልብሱን ስትገልጠው ከሥሩ እንፋሎት ይወጣል፤ ልጅ እንደምታሳይ ሁሉ ፈገግ ትላለች። አንዱ 30 ሶም። አንዳንዱ ሊጥ ወተት ስለሚገባበት «ሱት ባርቢ?» ብዬ መጠየቅ ተማርኩ፤ ወተት አለበት? «ጆክ» ካለች የለበትም። ዳቦውን ገልብጬ ቦርሳዬ ውስጥ ሳስገባ ግን እጄን ይዛ አቃናችው። ዳቦ በፊቱ አይደፋም።

ለጿሚ ሰው የገበያው ትልቁ ግኝት የኮሪያዎቹ የሰላጣ ተራ ነው። በ1937 እ.ኤ.አ. ስታሊን ኮሪያውያንን ከሩቅ ምሥራቅ በባቡር ጭኖ ወደ መካከለኛው እስያ አጋዛቸው። የአገራቸውን ጎመን ባጡበት ካሮት እንደ ክር ቀጭን አድርገው ከትፈው፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በድንብላል፣ በኮምጣጤና በጋለ ዘይት ማጣፈጥ ጀመሩ። ዛሬ የልጅ ልጆቻቸው ከነጭ ሳፋ ጀርባ ቆመው፣ ጓንት ባጠለቀ እጅ ቆንጥረው ያቀምሱዎታል። ካሮቱ፣ እንጉዳዩ፣ የባሕር ቅጠሉ፣ ብርጭቆ የሚመስለው ኑድል፣ ሁሉም ዘይት ብቻ ነው። «ፖስት» የምትል አንድ የሩሲያኛ ቃል ይዤ ነበር፤ ጾም ማለት ነው። ሻጯ ስትሰማ ራሷን ነቀነቀች፣ ሥጋና እንቁላል የገባባቸውን ሁለት ሳፋዎች በጣቷ እየጠቆመች «እነዚህን ተው» አለችኝ። ከተማው ውስጥ የሩሲያ ኦርቶዶክስ ምእመናን ስላሉ ቃሉ እንግዳ አይደለም። ካሮቱ ኪሎው 280 ሶም፤ ከሌላው ሁሉ የተወደደው እሱ ነው፣ ግን በሳምንት ሁለቴ ከመግዛት አላቆመኝም።

ሥጋ ተራውን አልፌው ነው የሄድኩት። የፈረስ ሥጋ በክብር የተሰቀለበት ነው፤ ጾሙ ማብራሪያ ከመስጠት ገላገለኝ።

የጎደለውን ልንገር። ጤፍ የለም፣ አልጠበቅሁም። ቡናው ከሩቅ የመጣና ያረጀ ነው፤ አገሩ የሻይ አገር ነው። ገበያው ደግሞ ሲመሽ ይበተናል፤ ለእንደ እኔ ያለ ሌሊት ሠራተኛ ይህ ቀላል ችግር አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሜሪላንድ ጠዋት 3 ሰዓት የቢሽኬክ ምሽት 2 ሰዓት ነበር፤ ሥራ ስጨርስ ሌሊቱ 10 ሰዓት ይሆናል። ከእንቅልፌ ስነሳ ጥሩው ዳቦ አልቋል። ስለዚህ ሳልተኛ ነበር የምሄደው። ያን ጊዜ ደግሞ ከተማው ላይ የተንጠለጠለው የድንጋይ ከሰል ጭስ ጉሮሮ ይይዛል። አብዛኛውን ቤት የሚያሞቀው ከሰል ነው፤ ማሞቂያው ቤት ውስጥ እጅጌ ያስጠቀልላል፣ ውጪ ግን ሳሉ እስከ መጋቢት አጋማሽ አልለቀቀኝም። ይህ በሶም አይተመንም።

ያ ዓመት ዐቢይ ጾምና ረመዳን የተገናኙበት ነበር። ሌሊት ሥራ ጨርሼ መብራቴን ሳጠፋ የጎረቤቶቼ መስኮት ለሱሑር ይበራ ነበር። ከፊት ለፊቴ የሚኖሩት ጡረተኛ እናት፣ ሁሉም «አፓ» የሚሏቸው፣ ቡና ስቆላ ጭሱን አይተው ቤት የተቃጠለ መስሏቸው በሬን አንኳኩ። ከዚያ በኋላ ለማፍጠሪያ ጠሩኝ። ሥጋውንም ቅቤውንም እንደማልበላ የልጅ ልጃቸው ሲተረጉምላቸው ትንሽ አሰቡና «እኛ ቀኑን እንጾማለን፣ አንተ ላሟን ትጾማለህ» አሉ። የተቀቀለ ድንችና የደረቀ አፕሪኮት አቀረቡልኝ። ሻዩን በፒያላ፣ እጀታ በሌለው ስኒ፣ ግማሽ ብቻ ሲቀዱልኝ በልቤ ቅር ብሎኝ ነበር፤ እኛ ሞልተን ነው የምንቀዳው። ለካ ግማሹ ነው ክብሩ፤ ቶሎ ቶሎ እየተቀዳ እንዳይቀዘቅዝና እንግዳው እንዲቆይ ነው። በኖውሩዝ፣ በጸደይ አዲስ ዓመት በዓላቸው፣ መጋቢት 12 ቀን፣ ሌሊቱን ሲማሰል ያደረ ሱሞሎክ በማሰሮ ላኩልኝ፤ ከበቀለ ስንዴ፣ ከዱቄትና ከዘይት የሚሠራ ነው። ቡናማ፣ ወፍራም፣ ስኳር ሳይገባበት የሚጣፍጥ። ጥርሴ ጠጠር አገኘ፤ ለካ እንዳያርር ድንጋይ ይጨመርበታል፣ ያገኘውም ሰው ምኞት ይመኛል።

ወደ ሒሳቡ ልመለስ። በወር ለኪራይ 450 ዶላር፣ ለአስቤዛ 12,000 ሶም፣ ማለትም 138 ዶላር ገደማ፣ ለመብራት፣ ለኢንተርኔትና ለታክሲ 80 ዶላር አወጣሁ። ድምሩ 670 ቢጠጋ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ለኪራይ ብቻ 1,700 ነው የምከፍለው፤ ስለዚህ ባልደረባዬ ያለኝ አራት ወር ሳይሆን ሁለት ወር ተኩል ነው። የደርሶ መልስ ቲኬቱ 1,150 ዶላር ነበር። በሁለት ወር ሲካፈል በወር 575 ይጨምራል፤ ድምሩ 1,245 ይሆናል። ቪዛ አውጥቶ ስድስት ወር የሚቀመጥ ሰው ያተርፋል፤ ለሁለት ወር ለመቆጠብ ብሎ የሚሄድ ሰው ግን የሚቆጥበው ሽንኩርት ላይ ነው።

ገበያውን ከአምስት አራት ተኩል እሰጠዋለሁ። ግማሹን የቀነስኩት ለጭቃው ነው።

ሰሙነ ሕማማት ሲገባ ተመለስኩ። በመጨረሻው ቀን ከናሪን ክፍለ ሀገር፣ ከአት ባሺ የመጣ ነጭ ማር ሁለት ኪሎ በ1,200 ሶም ገዛሁ። እንደ ቅቤ የረጋ፣ ማንኪያ የሚያቆም ነው። የፋሲካ ዕለት ጠዋት ዳቦ ላይ ቀባሁለት፤ የአክስቴ ልጅ ቀመሰና «ከመቀሌ ማን መጣ?» አለኝ።