የልጄ አስተርጓሚ፦ ከአንድ መንፈቅ ዓመት በኋላ

ሐዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ ልብስ ሰፊ ነኝ። ልጄ መስማት የተሳናት ናት፤ ዘንድሮ 9ኛ ክፍል ገባች። እስከ 8ኛ ድረስ የተማረችው መምህሩ ራሱ በምልክት በሚያስተምርበት ልዩ ክፍል ነበር። አሁን ከሚሰሙ ልጆች ጋር ተቀላቅላለች። በክፍሏ እንደሷ መስማት የተሳናቸው ሌሎች 3 ልጆች አሉ፤ ለ4ቱም የተመደበችው አስተርጓሚ አንዲት ናት። ልጁን ለማስመዝገብ ያሰበ ወላጅ ካለ ይጠቅመዋል ብዬ ነው የምጽፈው። የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም።

ኅዳር ላይ አስፈቅጄ ግማሽ ቀን ከኋላ ወንበር ተቀምጬ አስተርጓሚዋን አየኋት። ጠዋት ፀሐይ ስለሚገባ መስኮቱን ከጀርባዋ አድርጋ አትቆምም፤ ከጀርባዋ ብርሃን ካለ እጇ ለልጆቹ ጥላ ብቻ ነው የሚሆነው። ከሰሌዳው ጎን፣ ከመምህሩ ሳትርቅ ነው ቦታዋ። ቀለበት የለ፣ የጥፍር ቀለም የለ። የለበሰችው ግን አበባ ያለበት ሸሚዝ ነበር፤ ከላዩ ጥቁር ነጠላ ደርባበታለች። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት "ጋሼ፣ አበባው ዓይናቸውን ያደክምብኛል፤ እጄ ለይቶ መታየት አለበት" አለችኝ። በሳምንቱ አንድ ወጥ የሆነ፣ ጠቆር ያለ ሰማያዊ ጋውን ሰፍቼ ላክሁላት።

የባዮሎጂው መምህር የሚያስተምሩት በእንግሊዝኛ ነው፤ መሐል መሐል ላይ በአማርኛ ያብራራሉ። እሷ ሁለቱንም ወደ ኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ ታመጣለች። "ፎቶሲንተሲስ" ሲሉ በመጀመሪያ በእንግሊዝኛው የጣት ፊደል አንድ በአንድ አሳየቻቸው፤ ፈተና ላይ የሚመጣው እንደዚያ ተጽፎ ነውና። ቀጥላ ሐሳቡን በምልክት ዘረዘረችው፦ ቅጠል፣ ፀሐይ፣ ውሃ፣ ምግብ ማዘጋጀት። ከዚያ ልጆቹ እርስ በርስ ተነጋግረው አጭር ምልክት ተስማሙበት፤ ከዚያ ወዲያ በዚያችው ምልክት ቀጠለች። ቃሉ የአማርኛ ከሆነ የራሳችን የጣት ፊደል አለ። የእጁ ቅርጽ ፊደሉን ይነግራል፤ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ የትኛው እንደሆነ የሚለየው እንቅስቃሴው ነው። እኔ ልጄ 2ኛ ክፍል ሳለች ከሷ ነው የተማርኩት፤ ባየሁት ቁጥር ይገርመኛል።

ከሁሉ በላይ በልቤ የቀረችው ነገር ግን ይህች ናት። መምህሩ ወደ አስተርጓሚዋ ዞረው "ገብቷታል? ጠይቂያት እስቲ" አሉ። እሷ መልስ አልሰጠችም፤ ያሉትን እንዳለ ለልጄ በምልክት አደረሰች። ልጄ እጇን አንስታ መለሰች። አስተርጓሚዋ ድምጿን ከፍ አድርጋ "ቲቸር፣ እኔን ጠይቁኝ። ክሎሮፊል ላይ ያለው አልገባኝም" አለች። "አልገባትም" አላለችም፤ "አልገባኝም" ነው ያለችው። ያ "እኔ" የልጄ ነበር። 14 ዓመት ሙሉ ስለሷ ሰው ሲጠየቅ ነው የኖረው፤ እኔም ስመልስላት የኖርኩ ነኝ። መምህሩ ትንሽ ደንገጥ አሉና ወደ ልጄ ዞረው እንደገና አስረዱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፊት ለፊት እሷን ነው የሚጠይቁት። ለዚህች ሴት ከ10 10 እሰጣታለሁ።

አሠራሩ ግን 4 እንኳ አይሞላም። ጠዋትም ከሰዓትም ያለ ተተኪ ብቻዋን ናት። የሚያውቁት ሰዎች እንደሚሉት ሥራው ለ2 ሰው ነው፤ በየ20 ወይም 30 ደቂቃው እየተቀባበሉ ነው የሚሠሩት፤ አእምሮም እጅም ስለሚደክም። ከ5ኛው ክፍለ ጊዜ በኋላ የእጇን አንጓ ስታሽ አይቻለሁ፤ ምልክቷም ያጥር ነበር። ጥር ላይ ታማ 4 ቀን ስትቀር ምትክ አልመጣም፤ ልጆቹ ከሰሌዳ ብቻ ሲገለብጡ ዋሉ። ስብሰባ ሲኖርም ቢሮ ይጠሯታል፣ ክፍሉ ባዶውን ይቀራል።

ሌላው ደግሞ አንዳንድ መምህራን ሰሌዳው ላይ እየጻፉ ያወራሉ። የሚሰማ ልጅ ጆሮው ይሰማል፣ እጁ ይጽፋል። የእኔ ልጅ ያላት ዓይን ብቻ ነው፤ ወይ ሰሌዳውን ወይ አስተርጓሚዋን። ማስታወሻዋን የሚሞላላት አጠገቧ የምትቀመጥ ልጅ ናት፤ ይህም በልጆቹ ፍቅር እንጂ በትምህርት ቤቱ ዕቅድ አይደለም።

ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት ያጸደቀችው በ2002 ዓ.ም. ነው፤ በምልክት ቋንቋ መማር እዚያ ውስጥ አለ። አንድ ሰው ለቀን ሙሉ መመደብ በቂ ነው ብለው እንዳያሳምኗችሁ።

ልትመዘግቡ ስትሄዱ እነዚህን ጠይቁ፦ ስትታመም ማን ይተካታል? ቢሮ ሲጠሯት ክፍሉን ማን ይይዛል? ፈተና ላይ የቃል ማስታወቂያ ሲነገር አጠገባቸው ትሆናለች? እኔ በመስከረም አንዱንም አልጠየቅሁም። ባለፈው ሳምንት ከ3ቱ ወላጆች ጋር ሆነን ሁለተኛ አስተርጓሚ እንዲቀጠር በጽሑፍ አመልክተናል፤ መልሱን እየጠበቅን ነው።