ኮቦኮሌክት በአዋላጅ እጅ፦ ለእናቶችና ለአፍላ ወጣቶች ጥናት የት ይመቻል፣ የት ያሳስታል

ደሴ ላይ ከማዋለጃ ክፍል ወደ ጥናት የምትገባ አዋላጅ ነርስ ገና ፕሮፖዛሏ ሳይጸድቅ "መረጃው በወረቀት ነው በኮቦ?" ተብላ ትጠየቃለች። ኮቦ ሲባል ኮቦኮሌክት ማለት ነው፤ የጥናት መጠይቅ በስልክ የሚሞላበት አፕ ሲሆን መነሻው ኦዲኬ የተባለ መሰል አፕ ነው። አንድሮይድ ስልክ ላይ ይጫናል፣ ያለ ኔትወርክም ይሞላል። ኩታበር ወይም ቃሉ ገጠር ቀበሌ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የተሞላው ፎርም ማታ ከተማ ሲገባ ይላካል። ይህን ሰው ስለማያጣው ብዙ አንልበትም። የምንገመግመው አዋላጅ በምትጠይቃቸው ጥያቄዎች ላይ እንዴት እንደሚሠራ ነው።

ትልቁ ጥቅሙ ብዙዎች የማይነኩት የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ነው። ፎርሙ በሚሠራበት ኤክሴል፣ በቀን ጥያቄው መስመር፣ "አፒራንስ" በሚለው ዓምድ ሥር "ኢትዮጵያን" ተብሎ በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደላት ከተጻፈ ስልኩ መስከረምን፣ ጥቅምትን እያሳየ ያስመርጣል፤ ሲያስቀምጥ ግን በፈረንጅ ቀን ነው። ይህ ካልተደረገ ጉዳቱ የመጨረሻ የወር አበባ ቀን ላይ ይወጣል። እናት "መጋቢት 10" ስትል መጋቢት ሰባተኛ ወር ነው ብሎ ጁላይን የሚነካ መረጃ ሰብሳቢ አይጠፋም። ያኔ የእርግዝናው ዕድሜ አራት ወር ገደማ ይዛባል። ስለዚህ ለነፍሰ ጡሮች ቀኑ ከዛሬ እንዳያልፍ፣ ወደ ኋላም ከ 308 ቀን (44 ሳምንት) እንዳይርቅ ገደብ ይደረግበት።

ቀኑን ጭራሽ የማታስታውስ እናት ግን አፕ አይረዳትም። ወሎ ውስጥ "ጥምቀት ሰሞን"፣ "ረመዳን ሲጋመስ" የሚል መልስ የተለመደ ነው። ጥምቀት ቦታው አይነቃነቅም፤ ረመዳን ግን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ ይመጣል። በ2016 መጋቢት 2 የገባው፣ በ2017 የካቲት 22 ገብቷል። የሁለት ዓመት በዓላትን ከነቀናቸው በአንድ ገጽ አትሞ ለእያንዳንዱ ሰብሳቢ መስጠት ከስልጠናው ግማሽ ቀን ይበልጣል።

ሰዓት ላይ አፑ ደካማ ነው። የሰዓት ጥያቄው የፈረንጅ አቆጣጠር ስለሚከተል "ሌሊት 8 ሰዓት ወለድኩ" ያለችው እናት ጠዋት 8 ላይ፣ ማለትም በእኛ ጠዋት 2 ላይ ወልዳ ትገኛለች። መላው ቀላል ነው፦ ሰዓቱን ከ 1 እስከ 12 በቁጥር፣ ቀጥሎ ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ ወይስ ሌሊት ብሎ በምርጫ መጠየቅ። ቅየራው በኋላ ትንተና ላይ ይሠራል።

የገደብ ነገር ከተነሳ፣ ጥብቅ ገደብ ሁሉ ጥሩ አይደለም። "በሕይወት ያሉ ልጆች ከወሊድ ብዛት አይበልጡም" የሚል ገደብ ንጹሕ ይመስላል፤ መንታ የወለደች እናት እስክትመጣ ድረስ። አንድ ወሊድ፣ ሁለት ልጅ። ፎርሙ አላልፍም ሲል የደከመው ሰብሳቢ አንዱን ልጅ ይቀንሳል፣ ስህተቱም ከዚያ በኋላ አይታይም። በሌላ በኩል የክንድ ዙሪያ ልክ ላይ ገደብ ግድ ነው። ነፍሰ ጡር ላይ የምግብ እጥረት መለያው 23 ሴንቲሜትር ሆኖ ሳለ በሚሊሜትር 230 ብሎ የሚያስገባ አለና፣ ከ 15 በታችና ከ 45 በላይ አይቀበል።

አፍላ ወጣቶች (10–19 ዓመት) ላይ ሲደረስ ነገሩ ከቴክኒክ ያልፋል። በጥያቄ መዝለያው ያላገባችን ልጅ ስለ ወሊድ መቆጣጠሪያ ሳይጠይቁ የሚያልፉ ፎርሞች አሉ። ለሰብሳቢው ይቀለዋል፣ ለጥናቱ ግን ዋናውን መልስ ከመጀመሪያው ይሰርዘዋል። መዝለያው መታሰር ያለበት በጋብቻ ሳይሆን "ግንኙነት ጀምረሻል?" ለሚለው መልስ ነው። ከ 18 በታች ለሆኑት የወላጅ ፈቃድና የልጅቷ የራሷ እሺታ በሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ይግቡ፤ አንዱ "አይ" ከሆነ ፎርሙ እዚያው ይዘጋ። የቤቱን የጂፒኤስ ነጥብ መውሰድ ደግሞ አፑ ስለሚችል ብቻ የሚደረግ ነገር ነው። ሆጤ ወይም ሮቢት በመሳሰሉ የደሴ ሰፈሮች ውስጥ አንድ ነጥብ የአንዲት ልጅ ቤት ማለት ነው። የናሙና አወሳሰዱ ካላስገደደ ይቅር።

አማርኛው ያለ ችግር ይነበባል፣ እንግሊዝኛውን በጎን አስቀምጦ መቀያየርም ይቻላል። ኤክሴሉ ላይ የጥያቄው መለያ ስም የሚጻፍበት "ኔም" የሚባለው ዓምድ ግን በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ያለ ክፍት ቦታ ይሁን። መረጃ መሰብሰብ ከተጀመረ በኋላ ይህ ስም ከተቀየረ አንዱ ጥያቄ ሁለት ዓምድ ሆኖ ይወጣል። እርማት ሁሉ በቅድመ ሙከራው ይለቅ፦ ጥናቱ ደሴ ከሆነ የናሙናውን 5 ከመቶ ኮምቦልቻ ላይ መሞከር የተለመደ ነው (የኮምቦልቻ እናቶች የስንቱን ተማሪ ፎርም እንዳረሙ ይቁጠረው!)። ፎርሙ ተሻሽሎ ሲለቀቅ እያንዳንዱ ስልክ ላይ ዳግም መውረዱ በዓይን ይታይ፤ አሮጌውን ይዞ የሚወጣ አንድ ሰብሳቢ ሁሌም አለ።

መረጃው ወደ ኤስፒኤስኤስ (የስታቲስቲክስ መተንተኛ ፕሮግራም) ሲወጣ ብዙ መልስ የሚመረጥባቸው ጥያቄዎች (የአደጋ ምልክቶች ዓይነት) መልሶቹ ሁሉ በአንድ ዓምድ ታጭቀው፣ ደግሞም በየምርጫው 0 እና 1 ሆነው ተነጣጥለው ይገኛሉ። ለትንተና የሚያገለግለው ሁለተኛው ነው።

ስልኩ ሞልቷል ወይም አፑ ተንቀራፈፈ ብሎ አፑን ከስልኩ አጥፍቶ ዳግም መጫን ያልተላኩትን ፎርሞች ይዞ ይጠፋል። ሱፐርቫይዘሩ ማታ ማታ የእያንዳንዱን ስልክ የተላከ ቁጥር ከሰርቨሩ ጋር ያመሳክር፤ እስኪገጥም ድረስ ማንም ምንም አይሰርዝ።