ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን «በ13 ሰዓት» እያሉ የሚሸጡላችሁን ትኬት ሳትመረምሩ አትክፈሉ

ወላጆቻችሁን ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን ለማስመጣት ትኬት የምትፈልጉ ወገኖች፣ «13 ሰዓት ብቻ ነው፤ ዋጋውም ከሁሉም ይረክሳል» የሚላችሁን ወኪል አትመኑ። የእናቴን ትኬት የሸጠልን ወኪል ያለው ይህንኑ ነበር።

13 ሰዓት የመልሱ ጉዞ ነው። በሁለቱ ከተሞች መካከል 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ አለ። ከዋሽንግተን የሚነሳው አውሮፕላን ነፋስ ከኋላ እየገፋው፣ የትም ሳያርፍ በዚህ ሰዓት አዲስ አበባ ሊደርስ ይችላል። ቦሌ ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው፤ አየሩ ስለሚሳሳ አውሮፕላኑ በሙሉ ነዳጅና በሙሉ ጭነት ለመነሳት ይቸገራል። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ይሞላል፤ ነፋሱም ከፊት ይገጥመዋል። መንገደኛው አውሮፕላን ባይቀይር እንኳ 16 ወይም 17 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። በ13 ሰዓት አደርሳለሁ የሚል ሻጭ ወይ አያውቅም፣ ወይ ይዋሻል።

በእናቴ ትኬት ላይ መነሻው ሐሙስ 23:00፣ መድረሻው ዓርብ 22:00 ይላል፤ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 5 ሰዓት እና ከምሽቱ 4 ሰዓት። ለዓይን 23 ሰዓት ይመስላል። ነገር ግን የሚጻፈው የየከተማው ሰዓት ነው። ወሩ ጥር ስለነበር ዋሽንግተን 8 ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች፤ ጉዞው 31 ሰዓት ነበር ማለት ነው! ከመጋቢት መጀመሪያ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ገደማ ልዩነቱ 7 ሰዓት ነው፤ ስታሰሉ ጨምሩት።

ከዚህ የከፋው፣ የተሸጠልን አንድ ትኬት ሳይሆን ሁለት የተለያየ ትኬት መሆኑ ነው፤ አንዱ እስከ አውሮፓ፣ ሌላው ከዚያ ወዲያ። መንገደኛዋ መካከል ላይ ኢሚግሬሽን አልፋ፣ ሻንጣዋን ተረክባ እንደገና ማስመዝገብ ነበረባት። ለዚህ ደግሞ የሸንገን ቪዛ፣ ማለትም የአብዛኞቹ የአውሮፓ አገሮች የጋራ መግቢያ ፈቃድ፣ ያስፈልጋል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው በሸንገን አገሮች ለመሸጋገር ብቻ እንኳ ቪዛ ይጠየቃል። የጸና የአሜሪካ ቪዛ ያለው ከዚህ ነጻ ነው፤ ነጻ የሚሆነው ግን ከአውሮፕላን ማረፊያው የመሸጋገሪያ ክልል እስካልወጣ ድረስ ነው። እናቴ የአሜሪካ ቪዛዋን እንደያዘች፣ በርበሬና ሽሮ ያጨቀችበትን ሻንጣ እየገፋች ከቦሌ ተመለሰች። የመለሳት ሠራተኛ ሕጉን ነው የፈጸመው። ሻጩ ግን ስንደውልለት «ቪዛ የመንገደኛው ኃላፊነት ነው» አለን፤ ገንዘቡንም አልመለሰም። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ከመክፈላችሁ በፊት የሁሉም በረራ ትኬት አንድ መሆኑንና ሻንጣው እስከ መጨረሻው መድረሻ ማለፉን በጽሑፍ አስረጋግጡ። ትኬት 13 አሃዝ ያለው ቁጥር አለው፤ ለመጀመሪያውና ለሁለተኛው በረራ የተለያየ ቁጥር ከተሰጣችሁ ምክንያቱን ሳታውቁ አትቀበሉ። አሜሪካ ሆናችሁ ከአየር መንገዱ በቀጥታ ስትገዙ፣ ለጉዞው 7 ቀን ወይም ከዚያ በላይ ከቀረው፣ አየር መንገዱ በ24 ሰዓት ውስጥ ያለ ቅጣት እንድትሰርዙ ወይም ሳትከፍሉ ለ24 ሰዓት ቦታና ዋጋ እንድታስይዙ መፍቀድ አለበት። ይህ ደንብ ወኪሎችን አያስገድድም፤ ከወኪል የምትገዙ ከሆነ የስረዛውን ውል ሳታነቡ ገንዘብ አታስተላልፉ።