የ«ፎ» ስም፦ ከፈረንሳይ ወይስ ከቻይና?

የቬትናሙን የሩዝ ኑድል ሾርባ «ፎ» ብለን እንጻፈው እንጂ፣ አነጋገሩ ለእኛ ግዕዙ «ፈ» ይቀርባል። ክርክሩም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

አንደኛው ወገን ስሙ የመጣው «ፖቶፈ» ከሚባለው የፈረንሳዮች የሥጋ ቅቅል ነው ይላል። በፈረንሳይኛ «ፈ» እሳት ነው። ለፎ መረቅ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ እሳት ላይ መጠበሳቸውንም ይጠቅሳሉ። ደስ ይላል፤ ግን ፖቶፈ ውስጥ ኑድል የታለ?

ሁለተኛው ወገን ወደ ቻይና ያመለክታል። በካንቶንኛ የሩዝ ኑድል «ፈን» ይባላል። ቬትናሞችም ቃሉን ወስደው «ፈን» ይሉታል። በ1931 ሃኖይ የታተመ መዝገበ ቃላት «ፎ» የመጣው ከዚሁ ቃል ነው ይላል።

እኔን ያሳመነኝ ይሄኛው ነው። ፎ ውስጥ የሚገባውን የበሬ ሥጋ ግን ለፈረንሳዮች እንስጣቸው። እነሱ ከመምጣታቸው በፊት እዚያ አገር በሬ በዋናነት የእርሻ ነበር።